አራት ኮር ለስንታየሁ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ ሜላት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና አጠገቤ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የሕንፃ ንድፍ ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ጋር እያማታች ነው የምታወራው፤ እኔም ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ። አሁን ደግሞ ለንድፍ ሥራዋ የሚሆን ትልቅ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ራሷ ልትገጣጥም ቆርጣ ተነሥታለች። «ዳድ፣ ስድስት ኮር ይሻላል ስምንት?» ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ፣ «ኮሩ በበዛ ቁጥር ይፈጥናል፣ ራይት?» አለች።

እኔ እንግዲህ ኮምፒውተር በመጠገንና በመሸጥ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። እዚህ ሮዘተንቪል ካለችው ሱቄ ገብቶ ይህንኑ የማይጠይቀኝ የለም፤ መልሱንም እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያን ቀን ግን ከልጄ አፍ ሰማሁት። ቃል በቃል የራሴ ንግግር ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ፎርድስበርግ ውስጥ፣ ደረቴን ነፍቼ ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ የተናገርኩት ነው። ከዚያ ንግግር ኋላ የመጣውን ነገር ለሚስቴም እንኳ ጥርት አድርጌ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ሂልብሮው ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ሰባተኛው ደርብ ላይ፣ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለን አራት ሆነን እንኖር ነበር። አሳንሰሩ ከተበላሸ የስንት ዓመቱ፤ ሁላችንም በደረጃ ነን። በየደርቡ የተለየ ሽታ አለ። ሦስተኛው ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ አምስተኛው ላይ የልብስ ሳሙና፣ ስድስተኛው ላይ ደግሞ ድንች ጠብሳ በዳቦ ሆድ እየሞላች ኮታ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። ሰባተኛው ላይ እኛ ነን፤ የእኛን ሽታ ሌላው ይናገር። ከአራታችን አንዱ ስንታየሁ ነበር።

ስንታየሁ የቡታጅራ ልጅ ነው። ኮዝሞ ሲቲ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ነበረችው፤ ሳምንቱን እዚያው አድሮ ቅዳሜ ወደ እኛ ይመጣል። ከደንበኞቹ የዙሉ ቋንቋ እየለቀመ፣ በር ላይ «ሳውቦና!» ብሎ በነሱ ሰላምታ ካልጮኸ አይገባም። ሲስቅ ፊቱ ሁሉ ነው የሚስቀው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር የማከርር፣ ሰው ሲያርመኝ የማኮርፍ ነኝ፤ እንዴት እንደተስማማን እስከዛሬ አላውቅም። ግን ወንድም አልነበረኝም፤ ወንድም ቢኖረኝ እንደሱ ይሆን ነበር እላለሁ።

የእኔ ሥራ ሁለት ነበር። በሳምንቱ ቀናት ጂፒ በምንለው፣ አበሻው በሚነግድበት የመሀል ከተማ መንገድ ላይ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ይዤ የሰው ሠርግ፣ ክርስትና፣ ቀብር እቀርፃለሁ። በእኛ ዘንድ ሠርግም ቀብርም ያለ ካሜራ አይሆንም። አገር ቤት ያለ ዘመድ በዓይኑ ካላየ ደስታውም አይጥመው፣ ሞቱም አይዋጥለት። ስለዚህ ተቀርፆ፣ ተቆርጦ፣ በሲዲ ሆኖ በመንገደኛ ሻንጣ ይሄዳል። ስንታየሁም በየዓመቱ ለመስቀል ለእናቱ ለእማማ ዘርፌ እንዲህ ያለ ሲዲ ይልክ ነበር፤ ክትፎ ሲጎርስ፣ ሱቁ ውስጥ ዳቦ ሲሸጥ፣ ሲጨፍር። እናቱ ግን ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ስለጋረደው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሲዲዎች ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰሙት።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ፣ ይህ ጉረኛ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሴ እከፍታለሁ ብሎ ተወራረደ። ጠርሙሱስ ተከፈተ፤ የፊት ጥርሱ ግን ተሰብሮ ቆርኪው ላይ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቃል። እሱ በማግሥቱ ለእናቱ ደውሎ እየሳቀ ራሱ ነገራቸው። ለዓይናቸው ሕክምና የሚልከው እሱ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄደው እንዲታከሙ ቀን ተይዞላቸዋል። «ጥርሱን አላስተክለውም፤» ሲላቸው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። «ዓይንሽ ሲበራ መጀመሪያ የምታይው ይቺን ክፍተት ነው። ለመስቀል ፈገግ ብዬ እልክልሻለሁ።» እሳቸውም ከወዲያ ማዶ እየሳቁ ይረግሙታል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የእማማ ዘርፌ ዓይን ተሠራ። በአምስተኛው ቀን ስንታየሁ ሞተ።

ነሐሴ እዚህ አገር የንፋስና የአቧራ ወር ነው። ሣሩ ደርቆ በየመንገዱ ዳር ይቃጠላል፤ ጥላሸቱ እየበረረ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል። ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ባኪ በምንላት ክፍት የጭነት መኪና ሲሄድ መኪናዋ ተገለበጠች። የደወለልኝ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ መኩሪያ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና የኮቴን ቁልፍ ይቆልፍልኝ ጀመር። ያኔ ገባኝ።

ሮዘተንቪል፣ ጋሽ መኩሪያ ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መርዶ ድሮስ በስልክ አይነገር፤ ሰው ማለዳ ሄዶ፣ ዘመድ ከቦ ነው የሚነገረው። በዚያ ላይ ሐኪሞቹ እማማ ዘርፌን ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቀዋቸዋል። ካለቀሱ ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ ዓይናቸው እስኪድን ይደበቅ ተባለ። አስከሬኑን መላክ መርዶውን መላክ ስለሆነ እዚሁ ይቀበር ተባለ። ለእህቶቹ በምስጢር ተነገራቸውና እናታቸው ፊት እየሳቁ እንዲቆዩ ታዘዙ። አንድም ሰው አልተቃወመም፤ እኔም አልተቃወምኩም። ሁላችንም ለእሳቸው ያሰብን ነበር የመሰለን።

ቀብሩን ቀረፅኩ። ማንም ቅረፅ አላለኝም፤ እጄ ለምዶ ነው። ንፋሱ ቀዩን አፈር እያነሣ ሰዉ ላይ ይበትነዋል፣ ቄሱ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞታል፣ ጋሽ መኩሪያ አካፋውን አልለቅም ብሎ ብቻውን አፈር ይመልሳል። ሌላ የቀረፀ ሰው አልነበረም። ቤት ስገባ ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩትና የካሜራውን ካርድ አጽድቼ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ቀረፅኩበት። የዚያ ሥራ ኑሮ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልክ በተደወለ ቁጥር ውሸት ነው። ኬፕታውን ለሥራ ሄዷል፣ ስልኩን ሰርቀውታል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም። እማማ ዘርፌም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት፤ «እሺ፣ ድምፁ ይቅር። የመስቀል ሲዲውን ይላክልኝ። የሱን ፊት ሳላይበት ይህ ዓይን ምን ያደርግልኛል?» ይህን ከአንድም ሦስት ጊዜ አሉ።

አንድ ሐሙስ ጋሽ መኩሪያ ሰባቱን ደርብ በእግሩ ወጥቶ መጣ። ደክሞት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዮናስ፣ አንድ ሲዲ ሥራልኝ» አለ።

«የማን?»

«የሱ ነዋ። በሕይወት እንዳለ ሆኖ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አሁን ሳስበው ማለቴ ነው። ያኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የሳቀውን፣ የበላውን፣ የዘፈነውን ሁሉ ሰብስቤ አብሬው ልውል ነው። ከቀብሩ ወዲህ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም፤ በዚያም አፍራለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ጥርሱ። እናቱ መሰበሩን ያውቃሉ፤ ክፍተቷን ሊያዩ ነው የሚጠብቁት። ከሰኔ ወዲህ የተነሡ ቪዲዮዎች ደግሞ አምስት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በስልክ የተቀረፁ፣ ጨለም ያሉና የሚንቀጠቀጡ። እነሱን ማጽዳት፣ ማጉላት፣ ማረጋጋት ይቻላል፤ ግን ለኮምፒውተር ከባድ ሥራ ነው። የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ባለ አንድ ኮር ነበር። ኮር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው በሉት፤ አንድ ካለ ሁሉንም ሥራ እሱ ይሠራል። በእሱ ብጀምረው ለገና እንኳ አይደርስም። ሲዲውን የምትወስድልን መንገደኛ የምትበረው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ዘጠኝ ቀን አለን። «አዲስ ፕሮሰሰር ያስፈልገኛል» አልኩት። ጋሽ መኩሪያ ሳያቅማማ፣ በማግሥቱ ጠዋት እንሂድ አለ።

ፎርድስበርግ የሕንዶች ሰፈር ነው። ከሳምቡሳና ከቅመም ሽታ መሀል በኮምፒውተር ዕቃ የተጨናነቁ ሱቆች አሉ። የለመድኩት አንክል ኢስማኤል የሚባል ሽማግሌ ጋ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው ነበር። ሁለት ትንንሽ ካርቶን አወጣና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ባለ ሁለት ኮር ነው፤ ሁለቱም በጣም ፈጣን ናቸው። ሌላው ያኔ ገና ብቅ ያለው ባለ አራት ኮር ነው፤ እያንዳንዱ ግን ከነዚያ ይልቅ ዘገም ይላል። ባለ አራቱን ከሁለት ወር ጀምሮ በመጽሔት ሳየው፣ በሕልሜ ሳየው የኖርኩት ዕቃ ነው።

ሽማግሌው፣ «ምን ልትሠራበት ነው? ፕሮግራሙስ የትኛው ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

ደንበኛ ሁሉ የሚጠየቀውን ተራ ጥያቄ ለእኔ ማቅረቡ አናደደኝ። ባለሙያ አይደለሁም እንዴ? «ቪዲዮ ነው፤» አልኩት። «ኮሩ በበዛ ቁጥር ይፈጥናል አይደል?»

ራሱን ነቀነቀ። ፕሮግራሙ ለአራቱም ሥራ ማከፋፈል ካላወቀ አንዱ ሲለፋ ሦስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ የድሮ ፕሮግራም ከሆነ ባለ ሁለቱን ውሰድ፣ አለኝ። የእኔ ፕሮግራም ከጓደኛ የተገለበጠ አሮጌ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ጋሽ መኩሪያ የኮምፒውተር ወሬ ስለሆነበት አልተከተለውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ይላል ሰውየው?» አለኝ።

«ባለ አራቱ ይሻላል ይላል» አልኩት።

ለምን እንዲህ አልክ ትሉኝ ይሆናል። መታረም አልወድም ብያችኋለሁ። ደግሞም ባለ አራቱን እፈልገው ነበር፤ በሟች ጓደኛዬ አሳብቤ የተመኘሁትን ዕቃ ገዛሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ጋሽ መኩሪያ ምስኪን፣ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ፤ አራት ሲሆንማ» ብሎ ካርቶኑን ራሱ ተሸከመው። ሽማግሌው አየኝ። ካልሆነልኝ መልሼ ባመጣው እንደሚቀይርልኝ ብቻ ነገረኝ።

ገጣጥሜ፣ የመጀመሪያዋን ቪዲዮ አስገብቼ ሥራውን አስጀመርኩ። የአራቱን ኮር ሥራ የሚያሳዩ አራት ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ ከፈትኳቸው። አንዱ ውስጥ አረንጓዴው መሥመር እስከ ጣሪያው ተተኩሷል። ሦስቱ ውስጥ መሬት ላይ ተጋድሟል። አንዱ ይቆፍራል፣ ሦስቱ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውኮ ካበረ ነው። ሄጄ ማስቀየር እችል ነበር፤ ፎርድስበርግ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን የአንክል ኢስማኤል ፊት ታወሰኝና፣ ቆይቶ ይፈጥናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሦስት ቀን አልፎ አንዷ ቪዲዮ እንኳ አላለቀችም። ከዚያ ወዲያ አቁሜ እንደ አዲስ ልጀምር ብል የባሰ ነው።

ማክሰኞ ጋሽ መኩሪያ የት እንደደረስኩ ሊያይ መጣ። ስንታየሁ ስክሪኑ ላይ ቆሞ፣ አፉን ሊከፍት ሲል እንዲሁ ቀርቷል። ጋሽ መኩሪያ ቆሞ አየው፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ። እዚያው ማኅደር ውስጥ የቀብሩ ቪዲዮ ተቀምጧል።

«ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለ ድምፁ ተለውጦ። «በስህተት አብሮ ቢሄድስ? እናቴ ብታየውስ? አውጣው።»

አውጣው ነው ያለኝ፣ አጥፋው አላለኝም። ሌላ ቦታ ላስቀምጠው፣ ሲዲ ላይ ልገልብጠው እችል ነበር። ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ነው፣ ቦታውም እየሞላ ለቀሪዎቹ ቪዲዮዎች ጠቦኛል፣ እኔም ሰልችቶኛል፣ ፈርቻለሁም። ያን አካፋ፣ ያን ቀይ አፈር ማን ደግሞ ያየዋል አልኩ። ምልክት አደረግኩበትና አጠፋሁት። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም። በዚያ ሳምንት ያ ኮምፒውተር በፍጥነት የሠራልኝ ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ላይ ከአምስቱ ያለቁት ሁለት ናቸው። የቀረውን ካለፈው ዓመት መስቀል፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ሠርግ እየቆረጥኩ ሞላሁት። ስንታየሁ ሱቁ በር ላይ «ሳውቦና ማማ!» ሲል ጥርሱ የለም፤ ክትፎ ሲጎርስ ጥርሱ አለ፤ ሲጨፍር አለ፤ መጨረሻ ላይ፣ ለቡሄ ተቀርፆ እንኳን አደረሳችሁ ሲል ደግሞ የለም። አየሁት፣ እንዴት አላየውም? ሰው ፊት እንጂ ጥርስ ማን ይቆጥራል፣ ዓይናቸውም ገና ነው፣ አልኩና ለጋሽ መኩሪያ ሳልነግረው ሰጠሁት። ቅዳሜ በረረ።

የመስቀል ዕለት እማማ ዘርፌ ደወሉ። ሁላችንም ጋሽ መኩሪያ ቤት ነበርን፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አየሁት፤» አሉ ረጋ ብለው። «ተባረኩ። ደክማችኋል።» ጋሽ መኩሪያ ሳሎኑ መሀል ተንበርክኮ አለቀሰ፤ እንዳይሰሙት አፉን በጋቢ ይዞ። እኔንም ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ አመሰገኑኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ዘርፌ ስንታየሁን አገናኙኝ ብለው አልጠየቁም። አንድም ቀን። እኛ ደግሞ ተገላገልን ብለን ደስ አለን እንጂ ለምን አላልንም።

ስድስቱ ሳምንት ሞልቶ ሐኪሙ ዓይናቸው ድኗል ሲል ጋሽ መኩሪያ መርዶውን ሊያስነግር ራሱ ሄደ። ሽማግሌዎቹን፣ የንስሐ አባታቸውን፣ ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ ገና ሳይነጋጋ እቤታቸው ደረሰ። በሩ ክፍት ነበር። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው ዘገያችሁ?» አሉ።

ይህን ጋሽ መኩሪያ ተመልሶ ሲነግረኝ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ስሄድ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ቆየሁና ቡታጅራ ወረድኩ። በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ነው። መንገዱ ዳርና ዳር፣ ግቢው ሁሉ ቀልቷል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ እያስነጠስን ገባን። ከእንሰቱ ሥር አልፌ በሩን ሳንኳኳ እሳቸው ወጡና በተሠራው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ሳውቦና» አሉኝ።

ከሲዲው ነው የለመዱት። እጄን ይዘው አስገቡኝ፣ ቆጮና ጎመን አቀረቡልኝ፣ እስክበላ ጠበቁኝ። ከዚያ ሲዲውን የሠራው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«ጥርሱ አንዴ ይበቅላል፣ አንዴ ይወልቃል፤» አሉ። «ልጄን እኮ ነው የማየው፣ ልጄ። ሰው በሕይወት ካለ ጥርሱ ይመላለሳል? ያኔውኑ ገባኝ። ግን ይህን ዓይን ያበራልኝ እሱ ነው፤ በእንባ አላጠፋውም ብዬ ዋጥኩት። ቤት ሙሉ ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ይስቅልኛል። ብቻዬን ዋጥኩት።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። አልተቀየምኳችሁም፣ ለእኔ ብላችሁ ነው፣ አሉ። የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር። ወንበራቸውን አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሲቀበር ቀርፀኸዋል አሉ። እሱን አምጣልኝ፣ የኔ ጌታ። ያልቀበርኩትን ልጅ እንዴት ብዬ ሞተ ልበል? ሌሊት ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ዓይኔ አሁን ድኗል። ልየው።»

አጠፋሁት ማለት ነበረብኝ። እዚያች ጎጆ ውስጥ፣ ያን ዓይን እያየሁ፣ አጠፋሁት ማለት አልቻልኩም። «እልክልዎታለሁ» አልኳቸው። ጉልበቴን ሳሙ።

ጆሃንስበርግ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ያንን ኮምፒውተር ከፈትኩ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ፤ ከእኔ የሚበልጡ ባለሙያዎችም ዘንድ ወሰድኩት። አንድ ነገር ከኮምፒውተር ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም፤ ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። በላዩ ተጽፎበታል። ቦታው ላይ ያገኘነው ስንታየሁ «ሳውቦና ማማ!» እያለ ሲስቅ ነው። ሳቁን የጻፍኩት ቀብሩ ላይ ነበር።

አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ከዚህ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ቡታጅራ ሲደርስ እማማ ዘርፌ፣ «የዮናስ ሲዲ አልመጣም?» ይሉታል። መንገደኛው ተመልሶ ይነግረኛል፤ እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ልልክ ነው እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ስድስት መስቀል አለፈ። በሰባተኛው እሳቸውም አረፉ። እየጠበቁ አረፉ።

ጋሽ መኩሪያ አሁን ሸምግሏል፤ ፎርድስበርግ ላይ የዋሸሁትን እስከዛሬ አያውቅም። ይህን ካነበበ ያውቃል።

ሜላት ክርኗን ጎኔ ውስጥ ወሸቀችብኝ። «ዳድ? ሄሎ? ስድስት ወይስ ስምንት?»

«መጀመሪያ ምን ልትሠሪበት ነው?» አልኳት። «ፕሮግራሙስ የትኛው ነው?» ዓይኗን አንከባለለች እንጂ ነገረችኝ። አብረን ፈልገን አነበብን፤ ፕሮግራሟ ለስምንቱም ሥራ ማከፋፈል ይችላል። ስምንቱን ያዢ አልኳት። ዲስኩን ግን ሁለት አድርጊው፣ አንዱ መጠባበቂያ ይሁን፣ አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ የእኔ ነገር ነው ብላ ለምዳዋለች።

ዕቃውን ካዘዘች በኋላ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ፎቶ ላነሣ ብል አልሠራ አለኝ፣ ስልክህ ጢም ብሏል፣ ዘወትር እንዲህ ነው፣ እያለች በጣቷ ትገላልጠዋለች። በየዓመቱ ለመስቀል ስንታየሁ ወዳረፈበት መካነ መቃብር እሄዳለሁ። መቃብሩን፣ ቀዩን አፈር፣ በዙሪያው የደረቀውን ሣር ቀስ ብዬ እቀርፃለሁ። የምልክለት ሰው የለም። ሜላት አንዱን ከፍታ ንፋሱን ትንሽ ሰማች፣ ሌላውን ከፈተች፣ ሦስተኛውንም።

«ዳድ፣ ሁሉም ሴም ነው። ሰው የለበትም፣ ምንም የለበትም፤» አለች። «ላጥፋው?»

«ተይው» አልኳት።